አንድ ጄሪካን ማር፣ ሁለት ከተማ

በህዳር ወር ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ሙሉ ማር ገዛሁ። ከሱቅ አይደለም። ከሐረማያ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት፣ ልጆቻቸው፣ ከጓሮ የተደረደሩ ጥቂት ቀፎዎች፤ እርሻው ይኸው ነው። ግማሹን ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ አደረስኩ። የቀረውን ይዤ የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ ድሬዳዋ፣ ቤቴ ገባሁ።

ጥር ላይ እህቴ ደወለች።

«ያንተ ገበሬ ስኳር ነው የሸጠልን!»

ማሩ ነጭ ሆኖ ደርቋል፣ ማንኪያ አያስገባም፣ ጥርስ ስር እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል አለችኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የራሴን አየሁ። ወለላ ነው። ጠርሙሱን ሳዘነብለው ቀስ ብሎ ይወርዳል። አቦ፣ አንድ ጄሪካን፣ አንድ ቀን የተቆረጠ ማር። ስኳሩ ሐረር ያለው ላይ ብቻ ነው እንዴ የገባው?

ነገሩን ለመረዳት ሻይ እናስብ። ትኩስ ሻይ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ብትጨምሩ ይሟሟል። ሰባት፣ ስምንት እያላችሁ ብትቀጥሉና ሻዩ ቢቀዘቅዝ ግን ብርጭቆው ስር ስኳር ይዘቅጣል። ውሃ መሸከም የሚችለው ስኳር ልክ አለው። ማር ያን ልክ ያለፈ ነገር ነው። በሚዛን ሲታይ ለአንድ እጅ ውሃ ከአራት እጅ በላይ ስኳር ይዟል። ይህን የሠራችው ንቧ ናት። ከአበባ የቀሰመችው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ቀፎ ውስጥ አምጥታ በክንፏ እያራገበች ውሃውን ታተናለች። ወደ 18 በመቶ ሲወርድ በሰም ትከድነዋለች።

በማር ውስጥ በብዛት ያሉት ስኳሮች ሁለት ናቸው፤ ፍሩክቶስና ግሉኮስ። ፍሩክቶስ በውሃ ውስጥ በቀላሉ ሟሙቶ ይቆያል። ግሉኮስ ግን ትዕግስት የለውም። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ከውሃው ወጥቶ ጥቃቅን ጠጠር ይሠራል። ማር ረጋ የምንለው ይኼ ነው። ለመርጋት በጣም የሚመቸው ሙቀት 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከዚያ ከፍ እያለ ሲሄድ መርጋቱ ይዘገያል።

አሁን ካርታውን አስቡት። ሐረር ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 አካባቢ ላይ ተኝታለች። በህዳርና በታህሳስ የሐረር ሌሊት ጋቢ ያስፈልገዋል። እኛ በዚያው ሌሊት መስኮት ከፍተን ነው የምንተኛው። የእህቴ ማር በብርዱ ረጋ፤ የእኔው በሙቀቱ ፈሳሽ ሆኖ ቀረ። ገበሬው ምንም አላደረጉም።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ማር የሚረጋው የሚጀምርበት ነገር ሲያገኝ ነው። የአበባ ዱቄት ብናኝ፣ የሰም ቅንጣት፣ አስቀድሞ የነበረ ጥቃቅን ጠጠር፤ ሁሉም ለግሉኮሱ መያዣ ይሆኑታል። ከቀፎ ወጥቶ በጨርቅ ብቻ የተጣራ የገበሬ ማር ይህ ሁሉ አለው። በፋብሪካ ሞቆ በጥቃቅን ወንፊት የተጣራው ግን መያዣውን ስላጣ መደርደሪያ ላይ ወራት ሙሉ ሳይረጋ ይቀመጣል። ሰው ደግሞ ያንን አይቶ «እዩት እንዴት ይጠራል፣ ይሄ ነው ንጹህ» ይላል። የገበሬውን «ስኳር» ብሎ ይመልሳል። በእርግጥ መርጋቱ ራሱ ንጽህናን አያረጋግጥም። ቀስ ብለው የሚረጉ ንጹህ ማሮች አሉ፤ ስኳር የተቀላቀለበትም ሊረጋ ይችላል። ከመርጋቱና ካለመርጋቱ ብቻ ተነስቶ መፍረድ አይቻልም።

ለእህቴ ያልኳት ይህንን ነው፤ ጠርሙሱን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፤ ውሃው እጅሽን ነክረሽ የምትችይው ይሁን፣ 40 ዲግሪ አካባቢ። እሳት ላይ አትጣጂው። ከፍ ያለ ሙቀት መዓዛውን ያጠፋል፣ ያጠቁረዋል። ወይ እንደረጋ ዳቦ ላይ ቀቢው። እኔ በግሌ ለፈጢራ የረጋውን እመርጣለሁ። ወለላው በጎን ይፈስና እጅ ላይ ይቀራል፤ የረጋው ትኩሱ ፈጢራ ላይ ቀስ ብሎ ይቀልጣል።

እህቴ ግን በዚህ አልረካችም። «ክብሪት ሞክሬበታለሁ እኮ» አለች።

የክብሪቱን ነገር የማያውቅ የለም። የክብሪቱን ጫፍ ማር ውስጥ ትነክራለህ፣ ትጭረዋለህ፣ ከበራ ንጹህ ነው ይባላል። ሌላው ውሃ ላይ ያንጠባጥባል፤ ሳይበተን ወደ ታች ከወረደ እውነተኛ ነው ይላል። አፈር ላይ የሚያንከባልል አለ፣ ወረቀት ላይ የሚጥል አለ፣ ጉንዳን የሚጠብቅም አለ። እነዚህ ሁሉ ቢበዛ የሚነግሩን ፈሳሹ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ነው። ስኳር በትንሽ ውሃ አፍልቶ ማወፈር ለማንም አያቅትም። በደንብ የወፈረ የስኳር ሽሮፕ ውሃ ውስጥ ልክ እንደ ማር ይሰምጣል፣ አፈር ላይም ይንከባለላል። ክብሪቱንም ላያረጥበው ይችላል። ጉንዳን ደግሞ ጣፋጭ ካገኘ ንጹህ ማርም ይበላል። መሃላውም ያው ነው። «ወላሂ ንጹህ ነው»፣ «ማርያምን የራሴ ቀፎ ነው» በቀፊራም በመጋላም ገበያ ስሰማ አድጌያለሁ። የማለው ሁሉ ዋሽቷል አልልም። ግን መሃላ የማር መለኪያ አይደለም።

ታዲያ መለኪያው ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ልትጠቀሙበት የምትችሉት አንድ እቃ አለ፤ ሚዛን። ይህን ያስተማሩኝ የገበሬው ሚስት ናቸው፤ በእኔ ኪሳራ።

የገዛሁ ቀን ጄሪካኑን ሞልተው በሚንጠለጠል ሚዛን መዘኑት። «ሰባት ኪሎ» አሉ። እኔ ሳቅ ብዬ «እናቴ፣ ጄሪካኑ እኮ ባለ አምስት ነው» አልኳቸው። ሂሳብ የማውቅ የከተማ ሰው መሆኔ ነው። ምንም አልመለሱልኝም። ሌላ ተመሳሳይ ጄሪካን ውሃ ሞልተው አመጡና ሰቀሉት። አምስት ኪሎና ምናምን። ማሩን መልሰው ሰቀሉት። ሰባት ኪሎና ምናምን። ልጆቹ ሳቁ። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው ተረት ያኔ ትዝ አለኝ፤ እኔ ሲሰፈርልኝ ሬት ነው የተናገርኩት።

ማር ከውሃ ይከብዳል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር አንድ ኪሎ ማር ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ አይሞላም፤ ሁለት ሦስተኛውን ትንሽ አለፍ ብሎ ይቆማል። ብዙ ጠብ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንዱ «ኪሎ ብሎ ጎዶሎ ጠርሙስ ሰጠኝ» ይላል። ሌላው ደግሞ ሊትሩን በኪሎ ዋጋ ሸጦ ሳያውቀው ይከስራል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በኪሎ ነው ወይስ በሊትር በሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 400 ግራም ነው፤ ቀላል አይደለም።

ሚዛኑ ሌላም ነገር ይናገራል። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ውሰዱ። ባዶውን መዝኑ፣ ከዚያ እስከ አፉ ሳይሆን ልክ ግማሽ ሊትር ማር ጨምሩበትና አረፋው እስኪወጣ ጠብቁ፣ ደግማችሁ መዝኑ። የፕላስቲኩን ስትቀንሱ ማሩ ብቻውን 700 ግራም አካባቢ መምጣት አለበት። 680 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ውሃው በዝቷል። ወይ ሳይደርስ ተቆርጧል፣ ወይ እርጥበት ስቧል፣ ወይ ውሃ ተጨምሮበታል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት እስከ 20 በመቶ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በማሩ ውስጥ ያለው እርሾ ሥራ ይጀምራል። አረፋ ይይዛል፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያመጣል፣ ክዳኑን ሲከፍቱት ይተነፍሳል። ጠጅ ለመጣል ለሚፈልግ ጥሩ ጅምር ሊሆን ይችላል፤ ቁርስ ላይ ግን አይሆንም።

የሚዛኑም ድንበር አለው። ውሃውን እንጂ ስኳሩ ከየት እንደመጣ አይነግርም። ያንን የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው። ዘዴው ደስ ስለሚለኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። ተክሎች ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ አንዱን መንገድ ይከተላሉ፤ ንብ የምትቀስማቸው አብዛኞቹ አበቦች ሌላውን። መንገዱ በስኳሩ ውስጥ አሻራ ትቶ ያልፋል። ከባድና ቀላል ካርቦን የተቀላቀሉበት መጠን ይለያያል። ወንጂም ሆነ መተሐራ የሚመረተው የሀገራችን ስኳር ከሸንኮራ አገዳ ነው። ስለዚህ ሱቅ የሚሸጠው ስኳር በብዛት ማር ውስጥ ሲገባ መሣሪያው ያየዋል። ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ የሚወጣው የአውሮፓ ስኳር ግን የአበባውን አሻራ ስለሚይዝ በዚህ ዘዴ ያመልጣል። እንዲህ ያለው ምርመራ የላኪዎች ጉዳይ ነው። አንድ ጄሪካን ለሚገዛ ሰው አይታሰብም።

ስለዚህ ለኔና ለእናንተ የቀረን ገበሬውን መጠየቅ ነው። ከትንሽ ቤተሰብ መግዛት ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ይመስለኛል፤ የሚጠየቅ ሰው አለ። በገበያ ከሦስተኛ ነጋዴ ስትገዙ ሻጩ ራሱ አያውቅም።

እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የቀፎ ብዛት ነው። «ኦቦ፣ ስንት ቀፎ አለዎት? ምን ዓይነት?» ባህላዊ ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ዘመናዊው ባለ ፍሬም ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል ተብሎ ነው በተለምዶ የሚቆጠረው። ጥሩ ዓመት ከዚህ ያልፋል፣ ክፉ ዓመት ምንም አይሰጥም። ግን ከሦስት ባህላዊ ቀፎ ሁለት ኩንታል ማር አይወጣም። የቀፎውን ቁጥር ከሚሸጠው ማር ጋር ማስተያየት ከክብሪቱ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ከዚያ መቼ ተቆረጠ የሚለው ይመጣል። በሀገራችን በብዙ ቦታ ዋናው ቆረጣ ክረምቱ ወጥቶ አበባው ካፈራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ህዳር ነው። ከበልግ ዝናብ በኋላ በግንቦትና በሰኔ አነስ ያለ ሁለተኛ ቆረጣ አለ። በመጋቢት «ትኩስ፣ ዛሬ የተቆረጠ» የሚላችሁን ትንሽ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠይቁት። የቆየ ማር ነውር የለበትም፤ የቆየውን ትኩስ ማለት ነው ነውሩ። የተከደነው የማር እንጀራ ስንት እጅ ነበር ብላችሁም ጠይቁ። ንቧ በሰም ያልከደነችው ማር ገና ውሃው አልተነነም።

ሦስተኛው ጥያቄ ትንሽ ስስ ነው፤ ስኳር ያበላሉ ወይ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አበባ በሚጠፋበት ጊዜ ንብ ይራባል። ያን ጊዜ አናቢው በሶ፣ ሽሮ ወይም የስኳር ብጥብጥ ይሰጣል። ይሄ ማታለል አይደለም፤ ከብት ድርቆሽ እንደማብላት ነው። ችግሩ አበባ እያለ፣ ማር በሚጠራቀምበት ወቅት ስኳር መስጠቱ ነው። ንቧ ስኳሩን በሆዷ ፈጭታ እንደ አበባው ታስቀምጠዋለች። እንዲህ ያለው ማር በዓይንም በምላስም አይለይም። ስለዚህ «ያበላሉ?» ሳይሆን «መቼ አቆሙ?» ነው ጥያቄው። የጠየቅኳቸው ገበሬ ሳይደብቁ «ነሐሴ ላይ ሰጥቻለሁ፣ አበባው ሲመጣ ትቻለሁ» አሉኝ። ጭራሽ ሰጥቼ አላውቅም ከሚለው ይልቅ ይህን ማመን ቀለለኝ።

ቀለምን ብዙ አትመኑት። ቀለሙ የአበባው ነው። ከብሳናና ከግራዋ የሚመጣው ጠቆር ይላል፤ መረር የሚልም አለ። የመን ሰዎች በውድ የሚገዙት የሲድር ማር የሚባለው የቁርቁራ ዛፍ ማር ነው፤ ቁርቁራው እኛም ቆላ ላይ ይበቅላል። ነጭ ማር የትግራይና የላስታ ነው ብሎ ሐረርጌ ላይ ያገኘውን ነጭ ሁሉ የሚጠረጥር አለ። ግን ማር ሲረጋ ቀለሙ ይነጣል። የእህቴን አይታችኋል።

ስለ ጫት ሳልናገር ባልፍ አካባቢውን የማያውቅ ሰው የጻፈው ይመስላል። ከሐረማያ እስከ አወዳይ መንገዱ ግራና ቀኝ ጫት ነው። ጫት ቅጠሉ እየተለቀመ ስለሚሸጥ ለማበብ ፋታ አያገኝም፤ ለንብ ብዙም አይጠቅማትም። ይባስ ብሎ ተባይ ማጥፊያ የሚረጩበት አሉ። ኬሚካሉ ንብ ይገድላል፤ የአናቢዎቹ የዘወትር እሮሮ ነው። ንብ ደግሞ አጥር አታውቅም። ከቀፎዋ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳ ትመለሳለች። ያ ዙሪያው ሲሰላ ወደ 2,800 ሄክታር ይጠጋል። የገበሬው ይዞታ አንድ ሄክታር እንኳ ላይሞላ ይችላል። እሳቸው መድኃኒት ባይረጩም ጎረቤታቸው ይረጫል። ስለዚህ «ምንም ኬሚካል ያልነካው» የሚል ማር ስትሰሙ፣ ያለው ሰው የ2,800 ሄክታር ዘበኛ እንዳልሆነ አስቡ። ልትጠይቁ የምትችሉት ጎረቤት ሲረጭ ቀድሞ ይነግራቸው እንደሆነ፣ ቀፎውንም ያን ቀን ይዘጉት እንደሆነ ነው።

ከነሰፈፉ ከገዛችሁ ሌላ ሂሳብ አለ። ከባህላዊ ቀፎ የወጣ ያልተጣራ ማር ሰም፣ የአበባ ዱቄት፣ አንዳንዴም እጭ አለበት። እሱን ሁሉ የምትከፍሉት በማር ዋጋ ነው። ረከስ ማለት አለበት። ማጣራቱ ከባድ አይደለም፤ ንጹህ ነጠላ ላይ አድርጋችሁ ሞቅ ባለ ክፍል አንጠልጥሉት። በድሬዳዋ ሙቀት ምሽት ላይ የሰቀላችሁት ጠዋት ብዙው ወርዶ ይጠብቃችኋል። ሰሙን አትጣሉት።

ዕቃውን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ። የዘይት ጄሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ሽታው አይለቅም። ዝገት ያለበት ቆርቆሮም አይሆንም፤ ማር አሲድነት አለው። ደረቅ መሆኑን እዩ። ማር እርጥበት ይስባል፣ ክዳኑ ጥብቅ ይሁን። ፍሪጅ አያስፈልገውም፤ ፍሪጅ የሐረርን ሌሊት ማምጣት ነው። እኛ ቆላ ያለን ሰዎች ግን ከምድጃ አጠገብና ከቆርቆሮ ጣሪያ ስር እናርቀው። ለወራት የጋለ ማር ይጠቁራል፣ መዓዛው ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም። ቅምሻም፣ ጣት ላይም አይሆንም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የአዋቂ አንጀት ይቋቋመዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ያበቅለዋል፣ መርዙም ሰውነቱን ያዝለዋል። ማሩ ንጹህ መሆኑ ከዚህ አያድንም። አያቶች ቅር ቢላቸውም እንቢ በሉ።

ባለፈው ጥቅምት እህቴ «እኔም አብሬህ ልሂድ» አለች። ሐረማያ ተገናኝተን ሄድን። ሚዛን ይዛ ነበር የመጣችው፤ የወጥ ቤቷን። ገበሬው ቡና አስፈሉልን። እህቴ ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ አወረደቻቸው፤ ቀፎ ስንት፣ ስኳር መቼ፣ ጎረቤት ምን ረጨ። ሳይሰለቹ መለሱላት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወስደው፣ ጭሱን ለቀቅ አድርገው፣ አንድ ፍሬም መዝዘው አሳዩዋት። የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነበር በሰም የተከደነው። ከታች ያለው ሁሉ ክፍት ነው፣ ያብረቀርቃል።

«ዛሬ ልቆርጥላችሁ እችላለሁ» አሉ። «ግን ውሃ ነው። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ኑ።»

እህቴ ሚዛኗን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። እኔም ባዶ ጄሪካኔን ይዤ ደንገጎን ወረድኩ።